አንድ እግር ጫማ

መቼም ጦርነት ሲመጣ የማይነካው ቤት የለም፤ ያን የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ነካው። እኩሌቶቹ መምህራን ዘምተው፣ የቀሩት ዓይናቸው የደከመና ጉልበታቸው የከዳቸው ብቻ ሆኑ። ዲሬክተሩ ደግሞ ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚለውን ተረት ከልቡ የሚያምን ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ክበብ የሌለው ተማሪ በግቢው እንዳይታይ አዘዘ። የአትክልት ክበቡ የኳስ ሜዳውን ቆፍሮ ጎመን ተከለበት፤ ኳስ የለመደ እግር ግን ጎመን አያውቅምና ተክሉ በየቀኑ ሲረገጥ ይውላል። የእንጨት ሥራ ክበቡ ለሆስፒታል አልጋ ሠራ። አልጋዎቹ ይንቀጠቀጡ ነበር አሉ፣ የተኙባቸውም አብረው። ለዶማም ለመዶሻም ያልሆነውን ሁሉ ቲያትር ክበብ ከተቱት።

የቲያትር ክበቡ ችግር አንድ ነበር፤ ሴት የለም። ቲያትሩ ግን ልጇን ወደ ጦር ሜዳ ስለምትሸኝ እናት ነው። ዕጣው ጢም ባላበቀለ፣ ድምፁም ባልጎረነነ አንድ ልጅ ላይ ወደቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግቢው ሁሉ "እማማ" አለው።

"እማማ፣ እንደምን አደሩ? ጉልበትዎን ተሻለዎት?"

መጀመሪያ ተደባደበ። ኋላ ሰለቸውና "ይመስገን፣ ልጆቼ" እያለ ማለፍ ጀመረ።

ዘማቹን ልጅ ሆኖ የሚጫወተው የልብ ጓደኛው ነው፤ ቁመቱ ከበር ጉበን ስለሚላተም ቀውላላው ይሉታል። ቀውላላው ዕድሜው ደርሶ በእውነትም ተመዝግቧል። ቲያትሩ በታየ ማግስት ጠዋት መኪና መጥቶ ይወስደዋል። እማማ ጓደኛው እንዳይሄድበት የማያደርገው ነገር አልነበረም፤ ግን ማን ጠይቆት!

ቲያትሩን የሚያለማምዳቸው የታሪክ መምህሩ ነው። "'ሂድ ልጄ! እኔ አላለቅስም!' ብለህ ጫማውን ታቀብለዋለህ። እሱ በበሩ ይወጣል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ደረትህን ንፋ እንጂ! እናት ማለት እንዲህ ናት" ይለዋል።

እማማ እናት እንዴት እንደምትሆን ያውቅ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ባለፈው ዓመት ሲዘምት፣ ወፍጮ ቤት የምትሠራው እናታቸው ሂድም አትሂድም አላለችም። ጠዋት ግን የወንድምየው አንድ እግር ጫማ ጠፋ። አልጋ ሥር የለም፣ በር ኋላ የለም። እሷም አብራ ትፈልጋለች፤ "ወይ ጉድ፣ ድመት ወሰደው እንዴ?" ትላለች። ወንድምየው በመጨረሻ ከትልቁ የዱቄት ጣሳ ውስጥ አገኘው። ሳቀ፣ ዱቄቱን አራገፈ፣ አቅፎ ሳማትና ወጣ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። የጫማውም ነገር በዚያ ቤት ዳግመኛ አልተነሣ።

ለቲያትሩ ቀሚሷን ሲለምናት "ወንድ ብወልድ ሴት አድርገው ይመልሱልኝ?" ብላ ሳቀች። ከዚያ "ምን ትላለች እናትየዋ?" አለችው።

"'ሂድ ልጄ፣ እኔ አላለቅስም' ትላለች።"

ቀሚሱን አጣጥፋ ሰጠችው። "የጻፈው ሰው አልወለደም" አለች።

ቲያትሩ የታየ ቀን አዳራሹ በወላጆች ጢም ብሎ ሞላ። ዲሬክተሩ ቲያትሩ ሲያልቅ ወኔው ሞቅ ያለው ሁሉ ለዘመቻ እንዲመዘገብ ብሎ መውጫው ላይ ጠረጴዛና ጸሐፊ አስቀምጧል። እናቱ ከፊት ተቀምጣለች። ሁሉም ነገር ደህና ሄዶ ጫማው ጋ ተደረሰ። ጫማው የቀውላላው የራሱ ነው፤ እማማ አንዱን አቀበለ። ሁለተኛው ግን ከእጁ አልወጣ አለው። ዞር ብሎ ከቀሚሱ ሥር ወሸቀው።

"ቆይ" አለ፤ "አንዱ ጠፍቷል።"

የቀውላላው ዓይን ፈጠጠ። "ምን ሆነሃል? አምጣ እንጂ!" አለው በሹክሹክታ።

"ቁጭ በል ልጄ። እስክናገኘው እህል ቅመስ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እማማ ወንበር አነሣ፣ ጠረጴዛ ሥር ጎነበሰ፤ ሳያስበውም "ወይ ጉድ፣ ድመት ወሰደው እንዴ?" የሚል ቃል ከአፉ ወጣ። ያኔ ሴቶቹ መሳቅ አቆሙ። ቀጥሎ ወንዶቹ ዝም አሉ። መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ "አላለቅስም በል! አላለቅስም በል!" ይላል፤ እማማ ግን ስቅስቅ ብሎ እያለቀሰ ነበር። ቀውላላው ግራ ቢገባው በአንድ እግር ጫማ እያነከሰ ወጣ። የእንጨት ሥራ ክበብ የሠራው በርም እንደ ልማዱ አልዘጋ አለ። ያጨበጨበ የለም። እናቶች የልጆቻቸውን እጅጌ ይዘው በጠረጴዛው አጠገብ ፈጠን ፈጠን እያሉ አለፉ፤ ጸሐፊው ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። "ነገ ቢሮዬ!" አለው ዲሬክተሩ ጥርሱን ነክሶ።

እናቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ እስከ ቤት ድረስ ከፊት ከፊት ሄደች። የእናቱን ገመና በሕዝብ ፊት እንዳወጣ የገባው ያኔ ነው፤ ከሐፍረቱ ብዛት ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ጫማውን ከአልጋው ሥር ወርውሮ ተኛ።

ጠዋት ቀውላላው በነጠላ ጫማ መጣ። "በል ጫማዬን አምጣ፣ ቀልዱ ይብቃ። በዚህ ልዝመት? የኔን ቁጥር እንደሆነ ከማንም እግር አላገኝ።"

"ግባ ልጄ፣ ሻይ አፍልቻለሁ" አለች እናትየዋ።

"ኧረ እትዬ፣ መኪናው ቆሟል!"

"ሻይ ቅመስ አልኩህ። ቁጭ በል።"

ተቀመጠ። እማማ አልጋው ሥር ገባ። ጫማው የለም። ብርድ ልብሱን አራገፈ፤ የለም። ብቅ ሲል እናቱ ሻይ ትቀዳለች። ገና ወፍጮ ቤት አልሄደችም፤ ክንዷ ግን እስከ ክርኗ ዱቄት ነው።

"እማዬ፣ ጫማውን አይተሻል?"

"የምን ጫማ?" አለች ከብርጭቆው ዓይኗን ሳታነሣ። "እስቲ ደህና አድርገህ ፈልግ።"

ከመንገዱ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። "ቶሎ በል እንጂ፣ ጥለውኝ ሊሄዱ ነው!" ብሎ ቀውላላው ጮኸ።

"እየፈለግሁ ነው" አለ እማማ። ሳጥኑን ገለበጠ፣ ፍራሹን አነሣ፣ ምድጃው ኋላ ተንበርክኮ አየ። ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ። እማማም ከዱቄቱ ጣሳ በቀር ቤቱን ሁሉ ፈለገ።