አበልጄ የጫነልኝ ፕሮግራም

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሼላ ከተማ፣ ውል አዋዋዩ ዶን ባውዲልዮ ቢሮ ተቀምጬ የሰው ቤት፣ የሰው መሬት፣ የሰው ኑዛዜ ስጽፍ ኖሬአለሁ። የምንጽፍበት ወረቀት የመንግሥት ነው። በየገጹ ሃያ አምስት መስመር አለው፤ መስመሩም ወረቀቱም ቁጥር አለው። ጽሑፉ ከመስመሩ ከወጣ ወረቀቱ ተበላሸ ማለት ነው። የተበላሸውን መጣል ደግሞ ክልክል ነው፤ ከነነውሩ ከመዝገቡ ጋር ይጠረዛል። አሮጌውን የጽሕፈት ፕሮግራም ስንት ዓመት ለፍቼ መስመሩን እንዳይስት አስለምጄው ነበር። አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ያሳፈረኝ አበልጄ ነው።

ዌልመር ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ሱቁ ከቢሮአችን ሦስት በር ዘልሎ ነው። ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት እኔ ነኝ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እየሳቀ መጣና አዲሱን ፕሮግራም ልጫንልሽ አለ።

"አሮጌው ምን አደረገህ?" አልኩት።

"አበልጅ፣ አንቺ እኮ ሙዚየም ውስጥ ነው የምትሠሪው! ይሄኛው ይፈጥናል፣ ስሕተቱን ራሱ ያርማል።"

"መስመሩስ? ሐሙስ የዶኛ ትራንሲቶ ኑዛዜ አለብኝ። ቀልድ አይደለም።"

"በባለቁጥሩ ወረቀት ላይ ሞክሬዋለሁ ስልሽ! በልጄ እምልልሻለሁ።"

በክርስትና ልጄ ማለ፤ ምን ልበለው? ጫነው።

ዶኛ ትራንሲቶ ገበያው በር ላይ ታማል፣ ማለትም በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል የበቆሎ ሊጥ፣ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። አሱሴና የምትባለውን ልጅ ከጨቅላነቷ ጀምሮ አሳድገዋታል፤ በወረቀት ግን ልጃቸው አይደለችም። ሳይናዘዙ ቢሞቱ ቤታቸው በዓመት አንዴ እንኳ ለማይጠይቃቸው ለወንድማቸው ልጅ ለኦቢዲዮ ነው። ልባቸው ታሞ ስለነበር ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ላይ የሆስፒታሉ መኪና ወደ ዋና ከተማው ለቀዶ ሕክምና ሊወስዳቸው ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአሱሴና ጋር መጡ። የሚፈርሙት በጣት ስለሆነ አውራ ጣታቸውን በሳሙና ፈትገውታል።

"ኤርሊንዳ ልጄ፣ ጸድቷል አይደል?" አሉ እያሳዩኝ።

"ሙሽራ መስሏል" አልኳቸው።

ምስክሮቹ ተቀመጡ፤ አተምኩ። አራተኛው መስመር አምስተኛው ላይ ተደርቦ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ጭራሽ ሳይወጡ ቀሩ። አስተካክዬ በሁለተኛው ወረቀት ሞከርኩ። ግማሹን አትሞ "በመታደስ ላይ ነው፣ እባክዎ ይጠብቁ" የሚል ጽሑፍ አመጣና ቆመ። አራት ከመቶ ይላል። እኔስ እጠብቃለሁ፤ የዶኛ ትራንሲቶ ልብ ይጠብቃል ወይ?

ወደ ዌልመር ሱቅ ሮጥኩ። ጀርባውን ሰጥቶ ለአንድ ጠበቃ ውል ያትማል። ስክሪኑን አየሁት፤ ያው እኔ የማውቀው አሮጌው ፕሮግራም ነው።

"የራስህን አልቀየርክም?"

ክው አለ። "አበልጅ፣ እኔ እኮ ደንበኞች አሉኝ። ሥራ ቢቆምብኝስ?"

"ሞክሬዋለሁ ብለህ አልማልክልኝም?"

"ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ቀድሞ የሚሞክር ቢሮ ፈልጉ አለን። አንቺ ደግሞ ጎበዝ ነሽ፣ ችግሩን ቶሎ ታገኚልናለሽ ብዬ…"

"እኛ ላይ ነው የምትሞክረው? በል ተነስ፣ እዚህ ላትመው!"

"በአዲሱ የተጻፈ በአሮጌው አይከፈትም" አለ መሬት መሬት እያየ። "የሚቀጥለው ሲወጣ ይስተካከላል። አሥራ አምስት ቀን ቢሆን ነው።"

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። እኔ ግን ብቻዬን አልወደቅኩም።

ስመለስ ዶን ባውዲልዮ "በእጅ ጻፊው፣ ሕጉ ይፈቅዳል" አሉኝ። እየተናደድኩም እየተጣደፍኩም ጻፍኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ የመኪናው ጡሩንባ ጮኸ። ሾፌሩ ሌሎች ሦስት ሕመምተኞች ጭኗል፤ ብንለምነው እምቢ አለ።

"ያለቀው ላይ ላድርገው?" አሉ ዶኛ ትራንሲቶ፣ አውራ ጣታቸውን ቀና አድርገው።

ያላለቀ ኑዛዜ አይፈረምም። ስነግራቸው "በይ አታልቅሺ፣ ስመለስ እንጨርሰዋለን" ብለው እኔኑ አጽናንተው ሄዱ።

አልተመለሱም።

ዌልመር አሥራ አምስት ቀን ያለው አራት ወር ሆነ። የታረመውን ይዞ የመጣ ዕለት ቀጠሮ የነበረው ኦቢዲዮ ነው፤ ቤቱን በስሙ ሊያዞር። አሱሴና ደጅ ቆማለች። የመጣችው የታማል ድስቱን እንኳ ይተውልኝ ብላ ልትለምነው ነው። ሥራዬ ነውና ጻፍኩ፤ አተምኩ። ሃያ አምስቱም መስመር ቦታ ቦታው ላይ ተቀምጧል።

ዌልመር በትከሻዬ አሻግሮ አየና "እንዴት ነው አበልጅ፣ አሁንስ ልክ ሆነ አይደል?" አለኝ።

"ልክ ሆኗል" አልኩት። "ከዛሬ ጀምሮ ግን አበልጅ ብለህ እንዳትጠራኝ።"

ወረቀቱን አነሳሁና ለኦቢዲዮ የሚፈርምበትን ቦታ በጣቴ አሳየሁት።