ባሕር የተጻፈበት ጀሪካን

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ሌላ እያያት ብቻዋን በልታ አታውቅም። ደጃፏ ላይ ውሻ ቆሞ ቢያያት እንኳ ቆርሳ ሳትጥልለት አትጎርስም። ስለዚህ ልጇ ፍቅረሥላሴ ያቺን ዓሣ ከጅቡቲ አምጥቶ፣ በመስተዋት ሳጥን አድርጎ፣ ከምግብ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ያስቀመጠላት ዕለት ጣጣው አብሮ ገባ።

ፍቅረሥላሴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ለባሌ ስንዴ የሚሆነውን ማዳበሪያ ከወደብ ጭኖ እስከ ሮቤ ያመጣል። ዓሣዋን የሰጠው የወደብ ጓደኛው ነበር፤ አውራ ጣት የምታክል፣ መልኳ ብርቱካን የመሰለ፣ ነጭ በነጭ መቀነት የታጠቀች። ያለ ባሕር ውሃ አትኖርም ስለተባለ በየጉዞው የባሕር ውሃ በቢጫ ጀሪካን ይጭንላት ጀመር። ሰው ሳያውቅ ልብስ እንዳያጥብበት ብሎ ጀሪካኖቹ ላይ በጥቁር ቀለም «ባሕር» ብሎ ጻፈባቸው። ወለተኢየሱስ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል መቁጠር ስትጀምር ማንም ሳያግዛት ያነበበችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

አያያዙን ደጋግሞ አሳይቷታል። ውሃው በትነት ሲጎድል ጨው ስለማይተን ንጹሕ የዝናብ ውሃ እስከ ምልክቱ መሙላት፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ከፊሉን ቀድቶ ደፍቶ በአዲስ የባሕር ውሃ መተካት፤ ሮቤ ብርድ ስለሆነች የማሞቂያውን ሽቦ ከሶኬት አለመንቀል። ከሁሉ በላይ ግን ምግብ አለማብዛት። ምግብና ብርሃን ከበዛ አልጌ የሚባል አረንጓዴ ነገር በቅሎ ውሃውን ይወርሰዋል አላት።

«በቀን አንዴ፣ በሁለት ጣት ቆንጥረሽ ብቻ፣ እማዬ።»

«አፍ አላት፣ ዓይን አላት። እያየችኝ እንዴት አድርጌ ልዋጥ?»

«እንግዲያው ፊትሽን አዙረሽ ብዪ» አላትና ሳቀባት።

ሳቁ ከጆሮዋ አልወጣም፤ ምክሩ ግን አልገባም። እሱ ሲወጣ ጠብቃ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ፍስክ ከሆነም የእንቁላል አስኳል ጣል ታደርግላታለች። ተመልሶ ሲመጣ መስተዋቱን እየፈገፈገ፣ ውሃውን እየለወጠ፣ «ደግሞ ጋብዘሻታል» ይላታል።

በመጨረሻ የወጣ ጊዜ ባዶዎቹን ጀሪካኖች መኪናው ላይ አስሮ፣ አንድ ሙሉ ማድ ቤቱ ጥግ ትቶላት ሄደ። «ይቺ እስክመለስ ትበቃሻለች» ብሎ።

አልተመለሰም። መኪናው በበረሃው መንገድ ተገልብጦ፣ ተቃጥሎ ተገኘ። ውስጡ የነበረው ሰው ማንነቱ የሚለይ አልነበረምና የአካባቢው ሰዎች እዚያው ቀበሩት። ረዳቱ ሙለታ ወባ ይዞት አዋሽ ላይ ወርዶ ቀርቶ ነበር፤ ምንም አላየም። ሮቤ ድረስ መጥቶ የተናገረውም ይህንኑ ነው፤ ተናግሮ ሲጨርስ ዓይኗን ማየት አቅቶት ኮፍያውን እያሻሸ ወጣ።

የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ደምመላሽ ከጎባ ሽማግሌዎችና ቄስ ይዞ መጣ። በማለዳ ጋቢ ተከናንቦ በር የሚያንኳኳ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? ወለተኢየሱስ በመስኮት አየቻቸውና ወጥታ ደፉ ላይ ቆመች። ግቡም አላለቻቸው።

«እትዬ፣ እንግባና ቁጭ ብለን እንነጋገር» አላት ደምመላሽ። «ፍትሐት ሳይደረግለት መቆየቱ ለእርስዎም ለነፍሱም ደግ አይደለም።»

«ውሃ ሊያመጣ ነው የሄደው» አለችው። «የተወልኝም ገና አላለቀም። ሲመጣ ትጠይቁታላችሁ።»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ ብለው ተመለሱ። ሌላ ጊዜም መጡ፤ ሌላ ጊዜም ከደፉ አላለፉም።

ጀሪካኑ እስካልተከፈተ ድረስ ልጇ መንገድ ላይ ነው። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም፤ ለራሷም በቃል ብላው አታውቅም። እጇ ግን ያውቀዋል፤ ማድ ቤት በገባች ቁጥር የጀሪካኑን ክዳን ጠበቅ ታደርገዋለች።

ሐምሌ ገባ። ጭጋጉ ከሳነቴ አምባ ወርዶ ሮቤን ሲሸፍናት ከቤት ውጭ የሚታይ ነገር ጠፋ። እህል አልወርድ ቢላትም ሳህኑን ሞልታ ታቀርብና፣ ዓሣዋ ብቅ ስትል የራሷን ድርሻ ትሰጣታለች። ቀጥላም የልጇን ድርሻ ትሰጣታለች። የበላ የሚመስላት ያን ጊዜ ነው።

አረንጓዴው መጀመሪያ መስተዋቱ ላይ እንደ አቧራ ታየ። በጨርቅ ጠረገችው። ሳምንት ሳይሞላው ድንጋዮቹ ላይ ጠጉር አበቀለ፤ ረዘመ፤ ውሃው በተናወጠ ቁጥር እንደ በግ ጭራ ይወዛወዛል። በአሮጌ የጥርስ ቡርሽ ፈገፈገችው፤ የተፈገፈገው ተንሳፍፎ፣ ሌላ ቦታ ተጣብቆ፣ እንደገና በቀለ። ድንጋዩን አውጥታ አጠበች፤ እሱንም መልሶ ያዘው። አንዳንድ ቀን ጠዋት ተነሥታ እስከ ቀትር ክንዷን ውሃው ውስጥ ነክራ ትውላለች። ጣቶቿ በጨው ተሰነጣጠቁ።

ጎረቤቷ ዲንቄ የጎሮ ቅቤ ነጋዴ ናት። ወለተኢየሱስን በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ «ሃዻ ፍቅሬ» ነው የምትላት፣ በኦሮምኛ የፍቅሬ እናት ማለቷ ነው። ፍቅረሥላሴ ከጠፋ ወዲህ ይህን ስትጣራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ አጠራሯን ግን አልለወጠችም።

«ይህን ሁሉ ሣር አብቅለሽ ምነው ጥጃ አልገዛሽ?» አለቻት አንድ ቀን መስተዋቱን እያየች። ቀልዷ እንዳልተያዘላት ስታውቅ ሌላ ነገር አሰበች። ከብት ሆራ ጠጥቶ ሲመለስ ጠጉሩ ያበራል፤ ሆራውም ጨዋማ ምንጭ ነው፤ ባሕርም ጨው ነው። ታዲያ ምን ልዩነት አለው? ወለተኢየሱስ ጀሪካኑን ላለመንካት ስትል ምክንያት ትፈልግ ነበርና ነገሩ ደስ አላት። ዲንቄ በዲንሾ በኩል የሚመጣ ዘመዷን ልካ በጎድጓዳ ማሰሮ አስመጣችላት። ወለተኢየሱስ ከሳጥኑ ውሃ ቀንሳ በምትኩ ሆራውን ሞላችበት።

በሆራው የጠገበው አረንጓዴው ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ውሃው ራሱ እንደ ጎመን መረቅ ሆነ። ዓሣዋ መቀነቷ ደበዘዘ፤ ከላይ ተንጠልጥላ፣ አፏን ከውሃው ፊት እያደረገች ታለከልክ ጀመር። ፍርፋሪ ቢጥሉላትም ዞራ አታይም።

ዲንቄ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ወለተኢየሱስን ሳጥኑ ፊት ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ምድጃው አልነደደም። ዲንቄ ቅርጫቷን አስቀምጣ ዓሣዋን አየቻት፤ ከዚያም ወደ ማድ ቤቱ ጥግ አየች።

«ውሃው ያውልሽ» አለች።

«እሱን አልከፍትም።»

«ለምን?»

«እሱን ከከፈትኩ በኋላ ምን አለኝ?»

ዲንቄ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ሃዻ ፍቅሬ» አለች ኋላ፣ «ይቺንም እያየሽ ልትሸኚያት ነው?»

ዓሣዋ አፏን ከፈተች፤ ገጠመች፤ ከፈተች። የሆነ ጊዜ ላይ ወለተኢየሱስ ወለሉን ተደግፋ ተነሣችና ጀሪካኑን አቅፋ አመጣችው። ብርዱ እንዲለቀው ምድጃውን አንድደው፣ ሙቅ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ አቆሙት። ክዳኑ ግን እምቢ አለ፤ በየቀኑ ያጠበቀችው ራሷ ናት። ሁለቱም በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ታገሉት። ሲከፈት ሽታው ወጣ። ልጇ ከጉዞ ገብቶ ጃኬቱን ወንበር ላይ ሲወረውረው ቤቱ የሚሸተውን ሸተተ። ወለተኢየሱስ ክዳኑን በእጇ እንደያዘች ትንሽ ቆመች።

አረንጓዴውን ውሃ በጎማ እየሳቡ በባልዲ ቀዱ፤ ዲንቄ እያመላለሰች ከደጅ ደፋችው። ወለተኢየሱስ ባሕሩን በጣሳ በጣሳ፣ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። ጠጉሩ ከድንጋዩ ባይነቀልም ውሃው ጠራ፤ ወዲያ ማዶ ያለው ግድግዳ ታየ። ጀሪካኑ ሲቀል፣ አጋድላ ጠብታውን ጨርሳ አንጠፈጠፈችው።

«ዲንቄ» አለች፣ «ለደምመላሽ ደውዪለት። ይምጣ በዪው።»

በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። ከጎባም ከጎሮም ሰው መጣ። ወለተኢየሱስ እስከዚያ ቀን ለልጇ አልቅሳ አታውቅም ነበርና ድምፅዋ ከድንኳኑ አልፎ ባጃጆቹ የሚቆሙበት መንገድ ድረስ ተሰማ። ሙለታ ደጅ ላይ ጎንበስ ብሎ የሰው እጅ ሲያስታጥብ ዋለ። የዕድሩ ሴቶች በለቅሶ ቤት የሚያበራ ነገር አይታይም ብለው ቴሌቪዥኑን በነጠላ፣ የዓሣዋን ሳጥን በወፍራም ጋቢ ሸፈኑት። የማሞቂያውን ሽቦ የነቀለው የለም፤ ዓሣ አለች ብሎ ያሰበም የለም። ወለተኢየሱስም አላሰበችም።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰልስቱ አልፎ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲበተን፣ ድንኳኑን አወረዱት። ቤቱ ጭር አለ። ወለተኢየሱስ ያን ጊዜ ነው ጋቢውን ያየችው። ልትገልጠው እጇን ዘርግታ መለሰች፤ ዲንቄ ገለጠችላት።

አረንጓዴው ዐመድ መስሏል። ድንጋዩ ላይ የቆመው ጠጉር ረግፎ ከሥር ተኝቷል፤ የቀረውም ሲነኩት ይፈረፈራል። ያን ሁሉ ጊዜ ክንዷን ነክራ የታገለችውን አረንጓዴ ጨለማና ረኀብ ጨርሰውታል። ዓሣዋ ከድንጋዩ ጀርባ ቀስ ብላ ወጣች። ከስታለች፤ ግን መቀነቷ ነጥቷል። መጥታ መስተዋቱ ጋ ቆመች።

ወለተኢየሱስ ልጇ ከተወላት የዓሣ ምግብ ቆርቆሮ በሁለት ጣቷ ቆነጠረች። ጣለችላትና ክዳኑን ገጠመች።

ዲንቄ ዕድርተኛው ካመጣው ምግብ በሳህን አቀረበችላት። «ሃዻ ፍቅሬ፣ ዛሬ እንኳ ቅመሺ» አለቻት። ወለተኢየሱስ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። ዓሣዋ ታያታለች። ቆርሳ ያዘችና መጉረስ አልቻለችም።

ከዚያ ተነሣችና ወንበሩን አዞረችው። ጀርባዋን ለመስተዋቱ ሰጥታ፣ ፊቷን ባዶው ጀሪካን ወደ ቆመበት ጥግ አድርጋ፣ ጎረሰች።