የሞጣ ገበያ አንድ መውጫ

የጓድ ሰጠኝ መዳፍ ላብ አያጣውም፤ ሲያጨበጭብ ድምፁ እርጥብ ነው። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። መጀመሪያ ያጨበጨበልኝ የሞጣ አስተዳዳሪ ሆኖ በ1975 ዓ.ም. ከቢቸና ያስመጣኝ ጊዜ ነው።

ቢቸና ተወልጄ ያደግሁባት፣ በማዘጋጃ ቤቷም በጸሐፊነት የሠራሁባት ናት። እዚያ በገበያ ቀን የነበረውን መጨናነቅ ያቃለልኩት እኔ ነኝ። የጭነት መኪናውን በላይ፣ አህያውን በታች፣ እግረኛውን በመሀል አድርጌ፣ መግቢያና መውጫውን ለይቼ፣ በካርቶን ላይ በቀስት ሣልኩት። ሰዉም ሳያጉረመርም ተቀበለው፤ እኔም አዋቂ ነኝ ብዬ ተነፋሁ። ለካ በቢቸና ማን ከማን ጋር እንደተቀያየመ፣ ማን በማን ደጅ እንደማያልፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቅ፣ እጄ ሳላዝዘው ያንን ሁሉ እያገናዘበ ሥሎት ኖሯል። ይህ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ሞጣ የባሰ ነበር። ከገበያው ወደ ዋናው መንገድ በሚያወጣው ጠባብ መንገድ ላይ እህል የጫነ መኪና፣ አውቶቡስ፣ አህያና ከብት አንድ ላይ ይታጨቃሉ። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ አህያ ከነጭነቱ ጎማ ሥር ገብቷል። ጓድ ሰጠኝ የመንገድ ማስተካከያ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ራሱን ሊቀመንበር አድርጎ፣ ሥራውን ለእኔ ሰጠ።

ሦስት ገበያ ሙሉ ቆሜ ቆጠርኩ፤ ስንት ሰው፣ ስንት አህያ፣ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ። አንድ ገበሬ ግን ግራ አጋባኝ። ቤቱ በዋናው መንገድ በኩል ነው፤ እሱ ግን የወንዙን ዳር ይዞ፣ በታችኛው ጥምዝምዝ መንገድ ዞሮ ይገባል፣ በዚያው ይወጣል። መንገዱን በአንድ ሰዓት ያረዝምበታል። ጠላ የሚሸጡትን እማማ ይርጋነሽን ጠየቅኋቸው።

«የሻው ነው፤» አሉኝ። «ፋንታ የሚባል ሰው በወሰን ጠብ ታላቅ ወንድሙን ገደለበት። ፋንታም ታስሮ ወጣ። አሁን ሽማግሌ ገብቶ እርቁ ከፋሲካ በኋላ ተቀጥሯል። እስከዚያ የሻው በታች፣ ፋንታ በላይ ይሂድ ተብሎ ተማምለዋል።»

«ድንገት ቢተያዩስ?»

«ብቻቸውን ቢሆኑ ምንም የለም ልጄ። ሁለቱም ደክሟቸዋል። ችግሩ ሰው ፊት ነው። የወንድሙን ገዳይ ገበያ መሀል አይቶ ያለፈውን ማን ወንድ ይለዋል? ምሽቱም አትለው።»

ለጓድ ሰጠኝ ነገርኩት። «የታችኛውን መንገድ ባንዘጋውስ? ቢያንስ እርቁ እስኪያልቅ ብንታገስ፤» አልኩት።

ሳቀና በዚያ እርጥብ መዳፉ ጉንጬን መታ መታ አደረገኝ። «አይ የቢቸና ልጅ! አብዮቱ ለደመኛ ሁሉ የግል መንገድ ሊጠርግ ነው እንዴ? ይህ የፊውዳል ቅሪት ነው። ዝጋው!»

እውነቱን ልናገር፤ ላጲሱን ያነሣሁት እሱን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ያች ጥምዝምዝ መስመር ካርታዬን ታበላሽብኝ ነበር። ሳጠፋት ወረቀቱ አማረ፣ እኔም ደስ አለኝ። ከሁሉ ይልቅ የሚያንገሸግሸኝ ይህ ደስታዬ ነው።

በጾሙ አጋማሽ ዕቅዱ ሥራ ላይ ዋለ። የታችኛው መንገድ በእሾህ ታጠረ፤ ሦስት መግቢያና አንድ መውጫ ተደረገ፤ መውጫው ላይ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ቆመ። መኪኖቹ ያለ ችግር አለፉ፤ አውቶቡሱም በሰዓቱ ወጣ። ጓድ ሰጠኝ ገበያውን እየዞረ ያጨበጭብ ነበር።

የሻውና ፋንታ ግን ገበያው ውስጥ ቀሩ። የሻው ከጨው ተራ ጀርባ ቁጭ ብሎ ፋንታ ቀድሞ እስኪወጣ ይጠብቃል። እማማ ይርጋነሽ በጣት ያሳዩኝ ፋንታም ከከብት ተራው ጥግ ተሸጉጦ የሻው እስኪወጣ ይጠብቃል። ሁለቱንም አየኋቸው። ሄጄ አንዱን «አሁን ውጣ» ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ቀስቶቼ እንዴት እንደሚሠሩ እያየሁ ነበርና።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘበኛው የቀረውን ሰው ሁሉ ወደ መውጫው ነዳው። የሻው ለሞፈር መቁረጫ የገዛውን አዲስ መጥረቢያ ትከሻው ላይ አድርጎ ተሰለፈ። ቀና ሲል ፋንታ ከፊቱ አምስተኛው ሰው ነው። ወዲያው ዞሮ ሊመለስ ሲል ዘበኛው «ወደ ኋላ የለም!» ብሎ ጮኸበት።

«ወንድሜ፣ ስለ ወላዲተ አምላክ አሳልፈኝ፤» አለ የሻው። «ገበያው ውስጥ ልደር።»

ዘበኛው በሰደፍ ደረቱን ገፋው። በጩኸቱ ፋንታ ዞረ። ተያዩ። ፋንታ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ አንገቱን ደፋ። ሰዉ ሁሉ ፊቱን ቢያዞር ኖሮ ይበቃ ነበር፤ ግን ማንም አላዞረም። ሁሉም አፉን ከፍቶ የሻውን ያይ ነበር። እኔም አይ ነበር። የሻው እያለቀሰ መጥረቢያውን አነሣ።

ፋንታ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ሞተ። ደሙ ገና ሳይደርቅ ጓድ ሰጠኝ ቢሮ ተቀምጦ ሪፖርት ያጽፈኝ ጀመር። «ገበያው ከወትሮው በሁለት ሰዓት ቀድሞ ተበትኗል በል። የተፈጠረው የግል ጠብ ከዕቅዱ ጋር ግንኙነት የለውም በል።» እንዳለኝ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ እንኳ አልተበላሸም።

ስወጣ የሻው እጁን የፊጥኝ ታስሮ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። በእጄ የያዝኩትን ወረቀት አይቶ የተማረ ሰው መሆኔን ገምቶ መሰለኝ፣ ጠራኝ።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን የታችኛውን መንገድ የዘጋው ማን ነው?»

«ኮሚቴው ነው፤» አልኩት።

«ሰው አይደለም?»

«አይደለም።»

አመነኝ። ስለነገርኩትም እግዜር ይስጥልኝ አለኝ።