በግራ የተጠቀለለ ክር

«ይኼን ብረት ወዲያ በሉልኝ፤ የሻይ ማስቀመጫ አጣሁ» አለች አክስት፣ በአንድ እጇ ትሪ ይዛ በሌላው ሞርሳዋን እየገፋች።

ሞርሳዋ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በብሎን የታሰረች፣ ከእርሳስ የማትረዝም ነገር ናት። መንጠቆ ነክሳ ትይዛለች፤ ሌላ ሥራ የላትም። ልብስ ሰፊዋ ግን ከሐዘንተኛ ወንበሯ ብድግ አለች።

«ተዪያት አክስቴ። ትሪውን እኔ እይዝልሻለሁ።»

«እስከ መቼ ልትይዢው? አርፈሽ ተቀመጪ።» አክስት አንዴ ከጀመረች የሚመልሳት የለም። ብሎኑን ፈታች፤ ሞርሳዋን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ወስዳ፣ አፏን ወደ ቀኝ አዙራ መልሳ አሰረቻት። «ወንድሜ ዕድሜ ልኩን በዚህ በኩል ነው የሠራባት። ማን እንዳዞራት እንጃ።» ትሪውንም አስቀመጠች።

ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። የሞተው የልብስ ሰፊዋ አባት ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ሰፈሩ የሚያነሣው ግን ሰዓቱን ሳይሆን ዝንቡን ነው። ትራውት የሚባለው ዓሣ ጠርጣራ ነው። በጋ ሲገባ ከወንዙ ላይ የሚነሡትን ትንንሽ ክንፋሞች ይለቅማል፤ አጥማጁ ደግሞ መንጠቆ ላይ ላባና ጸጉር በክር እያሰረ እነሱን የሚመስል ዝንብ ይሠራል። በቀለም ወይም በመጠን ትንሽ ከሳተ፣ ዓሣው ጠጋ ብሎ ያይና ይሄዳል።

«እንደሱ ያለ እጅ አላየሁም» አለ ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪ፣ ሻዩን እያማሰለ። «በዚያ ዕድሜ! አምና ያሳየኝን ዝንብ በመዳፌ ልመታው ነበር እኮ። እስከ መጨረሻው እጁ አልከዳውም።»

ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። ልብስ ሰፊዋ መሬት መሬት አየች። እጁ ከድቶታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝንቦቹን ስታስር የኖረችው እሷ ናት፤ ለማንም አልተናገረችም፣ ለሱም ጭምር። አሁን የቀበረችው አባቷን ብቻ አልነበረም፤ ያልተናዘዘችውን ውሸቷንም ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪው ባመሰገነ ቁጥር ውሸቷ ያንገበግባታል።

አሥር ዓመቷ ሳለ አባቷ ከጎኑ አስቀምጦ ዝንብ ማሰር ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር። ክሩን በግራ እጇ አነሣች። «በቀኝ» አላት። በቀኟ ስትሞክር ክሩ ተበጠሰ። ሳታስበው እንደገና በግራዋ አነሣች። «በቀኝ አልኩሽ» ብሎ እጇን መታ አደረገው። ሰዓት ሠሪ ትዕግሥተኛ ነው የሚል ሰው የሰዓት ሠሪ ልጅ ሆኖ አያውቅም። ብዙም አላመማትም፤ ግን ተነሥታ ወጣች። እሷም ተመልሳ አልተቀመጠችም፣ እሱም ነይ አላላትም። ሁለቱም እልኸኞች ነበሩ። አድጋ ልብስ ሰፊ ሆነች፤ የሆነችውም በግራ እጇ ነው።

ዓመታት አልፈው የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሱቁን ዘጋ። «ሰው ሰዓት ማሰር ትቶ ስልኩን ነው የሚያየው» ብሎ አሳበበ። ዝንብ ማሰሩን ግን አልተውም አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ይዛ ስትመጣ ጠረጴዛው ላይ የምታገኘው ነገር ድመት ያኘከችው ላባ ይመስላል። ከወንዝ ባዶ እጁን ይመለስና «ውኃው ደፍርሷል» ይላል። ምኑ ይደፈርሳል! ጓደኛው ፖስተኛው ከዚያው ውኃ ሁለት ሁለት ዓሣ ይዞ ይመጣ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ ሊያሸልብ መኝታ ቤት ሲገባ ጠብቃ ሞርሳዋ ፊት ተቀመጠች። ከድሮ ዝንቦቹ ደህናውን አጠገቧ አድርጋ ቀለሙን፣ የላባውን ርዝመት፣ የክሩን ዙር እየቆጠረች ቀዳች። ከዝንብ ሳጥኑ የሱን አውጥታ የሷን ከተተች። የሱን አልጣለችም፤ ቤቷ፣ የአዝራር ጣሳዋ ውስጥ አኖረቻቸው። እንዳይነቃባት መቀሱን እንኳ የምታሳርፈው በታጠፈ ጨርቅ ላይ ነበር።

በሳምንቱ ስትመጣ ሁለት ዓሣ ሳህን ላይ ተጋድሟል። «እጄ ተመለሰልኝ» አላት። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች። አንዴ ከጀመሩት እንዴት ይቆማል?

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞርሳዋ ከጥጓ ተነሥታ፣ አፏ ወደ ግራ ዞሮ አገኘቻት። «ምነው አዞርካት?» ስትለው «ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ» አለ፣ ጋዜጣውን ሳያወርድ። እርጅና ነው ብላ አለፈችው። ሞርሳዋ ላይ ተጣማ ስትሠራ የሚይዛት የአንገት ሕመም በዚያው ሰሞን ለቀቃት፤ እሱንም ልብ አላለችውም።

በሦስተኛው ቀን ፖስተኛው መጣ። ጡረታ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ፖስተኛነቱ ግን ስሙ ሆኖ ቀርቷል። ከልብስ ሰፊዋና ከእናቷ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከኪሱ የክብሪት ቀፎ አወጣ።

«ልጄ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አላት። «ግን ነገ ማጥመድ የተከለከለበት ወቅት አልቆ ወንዙ ለአጥማጅ ይከፈታል። አባትሽ የመጀመሪያዋን ቀን ቀርቶ አያውቅም። እኛ የቀረነው ሦስት ሽማግሌዎች በሱ ዝንብ አንድ ጊዜ ወርውረን ልንመለስ አስበናል። ይኼን ከድልድዩ ሥር አምጥቻለሁ።»

ቀፎውን ከፈተው። ከሸረሪት ድር የለቀማት አንዲት ክንፋም ጥጥ ላይ ተጋድማለች። አባቷ «ዝንብ ሳጥን ውስጥ አይመረጥም፤ ሸረሪቷ ካንተ ቀድማ አጥምዳለች፣ ምን እንደያዘች ሄደህ ጠይቃት» ይል ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀለው ኮቱ ኪስ ሳጥኑን አመጣች። ስምንት ዝንብ አለ። ወደ መስኮቱ አስጠግተው አንድ በአንድ አስተያዩ። ክንፉ ግራጫ ነው፣ እሱስ አለ። የክንፋሟ ሆድ ግን እንደ ቅቤ ቢጫ ነው፤ የሳጥኑ ሁሉ ቡናማ።

«ከነዚህ የምትሆን የለችም» አለች።

«እንግዲህ የምትቀርበውን ስጪን። ዋናው የሱ እጅ መሆኑ ነው።»

አንዷን አንሥታ ብትሰጠው ነገሩ እዚያው ባለቀ። አፏ ግን እምቢ አላት።

«የሱ እጅ አይደለም ጋሼ» አለች በሹክሹክታ። «የኔ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አታለልኩት። እጄ ተመለሰ ብሎ አምኖ ነው የሞተው። ሰው ሁሉ የእጁን ነገር ሲያነሣ የምገባበት ይጠፋኛል።»

ፖስተኛው መነጽሩን አደረገ። ከሳጥኑ አንዷን አንሥቶ በብርሃኑ ፊት ያዘላት። «እስቲ ክሩን እዪው። በቀኙ የሚያስር ሰው ክር ወደዚያ ነው የሚዞረው። ይኼስ?»

ወደዚህ ዞሯል። ቀለሙን፣ መጠኑን፣ ዙሩን ሁሉ ቀድታለች፤ አቅጣጫውን ግን አላየችውም። እንዴት ታየዋለች? ለሷ ክር የሚዞረው እንደዚያ ነው።

«የሰዓት ብሎን በዓይኑ የሚለይ ሰው ይኼ ያመልጠዋል?» አለ። «በመጀመሪያዋ ቀን ነው ያወቀው። ወንዝ ዳር ቁጭ ብለን አሳየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ይስቃል። 'በልጅነቷ ይኼን እጅ የመታሁት እኔ፣ ይኸው በዚያው እጅ ዓሣ ታበላኛለች' አለኝ። ንገራት እንጂ ስለው፣ 'ከነገርኳት ቅዳሜ መምጣቷን ትተዋለች' አለ። ከዚያ ሄዶ ሞርሳዋን ለግራ እጅሽ አዞረልሽ። ሲያዞራት ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ ብሎኑ ከእጁ እየወደቀ።»

እናቷ ከጎን ሆና ስትሰማ ኖሯል። «ደግሞ ተኝቶ መስሎሽ ነበር?» አለች። «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቀስሽን ሲያዳምጥ ነው የሚውለው። 'አሁን ላባው ላይ ደረሰች' ይለኛል። መቀሱን ስታስቀምጪ ግን አይሰማም። ጨረሰች አልጨረሰች እያለ፣ ድንገት ወጥቶ እንዳያስደነግጥሽ ወገቡ እስኪደርቅ ይጋደማል።»

ሦስት ቀን አልመጣ ያለው እንባ ያን ጊዜ መጣ። የሐዘን ብቻ አልነበረም። አባቷ ይቅርታ ጠይቋት ነበር፤ በብሎን ጠይቋት፣ እሷ የብርሃን ጉዳይ አድርጋው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አመስግኗታል። እሷም አሁን፣ ዘግይታም ቢሆን፣ ከልቧ አመሰገነችው።

ፊቷን ጠርጋ ተነሣች። ትሪውን ለአክስቷ አቀበለቻት። ብሎኑን ፈታች፤ ሞርሳዋን ከጥጉ አውጥታ አፏን ወደ ግራ አዙራ መልሳ አሰረቻት።

«እንዴ፣ አንቺ ነሽ ለካ ያዞርሻት» አለች አክስት።

«እኔ አይደለሁም። እሱ ነው ያዞረልኝ» አለች፣ ዳቦ ጋጋሪውም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እጁ ሲያቅተው የማስርለት እኔ ነበርኩ። ያውቅ ነበር።»

ዳቦ ጋጋሪው ማንኪያውን አስቀመጠ።

መሳቢያ ውስጥ ራሷ ያመጣችለት ቢጫ የሐር ክር ነበር። መንጠቆውን አስነከሰች። ፖስተኛው የክብሪት ቀፎውን ከፍቶ አጠገቧ ያዘላት፤ ቢጫውን ክር በግራዋ፣ ወደዚህ፣ ዙር በዙር ለሆዱ ጠመጠመች። ግራጫውን ላባ አቆመች፣ አሰረች፣ ቋጨች፤ የክሩን ጫፍ ቆረጠች።

የታጠፈው ጨርቅ ከቦታው አልተነቃነቀም። መቀሱን ይዛ ወደሱ አጎነበሰች፤ ከዚያ እጇን መለሰች። የመኝታ ቤቱን በር አየችና፣ ጨርቁን ትታ ባዶው እንጨት ላይ ቋ አድርጋ አስቀመጠችው።