የእማማ የሻረግ ሁለተኛ ጥይት

አማቴ እማማ የሻረግ በዚያ ዕድሜያቸው ተኩስ የጀመሩት በኮሮና ሰበብ ነው። ዘ ስትሪፕ በሚባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ክፍል ያጸዱበት የነበረው ሆቴል ሲዘጋ ከእኛ ጋር ቤት ዋሉ፤ ዋሉና እኔን ሊያሳብዱኝ ደረሱ። የጸዳውን መልሰው ያጸዳሉ፤ ያነጠፍኩትን አልጋ ገፈው እንደ አዲስ ያነጥፋሉ። ባሌ ሰርፀ አየር እንዲቀበሉ ብሎ ከከተማ ወጣ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ወሰዳቸው። እዚያ የሸክላ ሳህን ወደ ሰማይ ይወረወራል፤ ተኳሹ አየር ላይ ይሰብረዋል። እማማ በመጀመሪያው ቀን አንዱን በታተኑት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም።

ሰርፀም ያገለገለ ጠመንጃ በደስታ ገዛላቸው። የጠመንጃው ጥበብ፣ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል፤ በዚያ ርግጫ ባዶውን ቀለሃ ተፍቶ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ይጎርሳል። ሰርፀ ይህን እራት ላይ ደጋግሞ ሲያስረዳኝ እኔ ራሴ መጉረስ አስጠላኝ።

ታዲያ ለእማማ አልጎርስ አለ። ሳህኖቹ የሚወጡት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። የመጀመሪያውን ይሰብራሉ፤ ለሁለተኛው ቃታውን ሲስቡ ዝም። ቀለሃው እዚያው ተቀርቅሮ ይቀራል።

ሰርፀ ጠመንጃውን ነጩ የገበታ ጨርቄ ላይ በታትኖ ጠረገው፤ ቀባው፤ ቪዲዮ አየና ዘይቱ በዝቷል ብሎ እንደገና ጠረገው። ቀጥሎ ጥፋቱ የጥይቱ ነው ተባለ፤ አቅም የለውም። በዚያ ክረምት ጥይት ከየሱቁ ጠፍቶ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ዮፍታሄ ከሺፍት ወጥቶ ከተማችንን ሄንደርሰንን ሲያስስ ዋለና አንድ ካርቶን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ መጣ። እሱም ለውጥ አላመጣም። ወንድማማቾቹ ራሳቸው ሲተኩሱ ግን ጠመንጃው እንከን የለውም፤ እየተፋ ይጎርሳል። ስለዚህ ፈረዱ፤ የታመመው ጠመንጃው ሳይሆን የእናታቸው ትከሻ ነው።

እማማ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ቅዳሜ ጥንዱን ካልመታሁ ሽጡት» አሉ፤ «እኔም አርፌ ቤቴ እቀመጣለሁ።» ይህን እያሉ የታጠፈ አንሶላ እንደገና ያጥፉ ነበር። አንጀቴን በሉኝ። እውነቱን ለመናገር ለአንሶላዎቼም ፈራሁ።

ቅዳሜ ማስካችንን አድርገን ሄድን። የአማቴ ልጆች፣ እናታቸው ሁለት ደረጃ ሲወጡ እንኳ ግራና ቀኝ ብብታቸው ሥር ገብተው የሚይዙ ናቸው። ተኩስ ላይማ ጭራሽ ባሰባቸው። ሰርፀ እንዳይወድቁ ብሎ ጀርባቸውን በደረቱ ይደግፋል፤ ዮፍታሄ ጠመንጃ ያለበትን ትከሻ ከኋላ በመዳፉ ይገፋል። ጠመንጃው እምቢ ባለ ቁጥር፣ ደክመዋል ብለው ይበልጥ ያጠብቃሉ። እኔ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሱፍ እፈለፍላለሁ።

ጥንዱ ወጣ። አንዱ ተሰበረ፤ ሁለተኛው እያሾፈብን ሄዶ አሸዋው ላይ አረፈ። እንደገና ወጣ፤ እንደገና ያው። እማማ ጠመንጃውን ዝቅ አደረጉ። በዚህ ጊዜ የእራቱ ትምህርት ትዝ አለኝና ሱፉን ጥዬ ተነሳሁ።

«ልቀቋቸው» አልኩ።

«ፊያሜታ፣ ትወድቃለች እኮ» አለ ሰርፀ።

«በርግጫው ነው የሚሠራው አላልከኝም? እናንተ ግድግዳ ሆናችሁበት ወዴት ይራገጥ?»

ሰርፀ የእናቱን ጀርባ አየ፤ ከዚያ የራሱን ደረት። እማማ ዞር ሳይሉ «ልጆች፣ ወደ ኋላ» አሉ። ሁለቱም ዶሮ ሊይዝ እንዳደባ ሰው እጃቸውን ዘርግተው አንድ እርምጃ ራቁ።

ጥንዱ ወጣ። የመጀመሪያው ተሰበረ። ቀለሃው ተስፈንጥሮ የዮፍታሄን ኮፍያ መታው፤ እሱ ጎንበስ ሲል ሁለተኛው ተተኮሰ። ሁለተኛው ሳህን ዱቄት ሆነ። እማማ በርግጫው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉና ቀጥ ብለው ቆሙ። እልልታዬን አቀለጥኩት። ሰርፀ መሬት ላይ ተዘርፍጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ጥፋቱ የሱ ደረት መሆኑ እጅግ አስደስቶት ነበር። እማማ ካርቶኑ ባዶ እስኪሆን ተኮሱ፤ ጠመንጃው አንዴ እንኳ እምቢ አላለም።

ወደ መኪናው ስንመለስ ሰርፀ ልማድ ሆኖበት ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ሰደደ። እማማ እጁን አዩት።

«ስወድቅ ታነሳኛለህ» አሉት። «እስከዚያ ልቀቀኝ።»

እጁን ኪሱ ከተተ።

ሰኞ ጠዋት ሆን ብዬ አልጋዬን ሳላነጥፍ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ልክ እንደተውኩት ተዝረክርኮ ጠበቀኝ። እማማ ሳሎን ተቀምጠው ስልክ ላይ ናቸው፤ ዮፍታሄን ጥይት ፈልግ እያሉ ያጣድፉታል።