የጓዳ ድርሻ

ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው በጓዳ በር መጡ። ጎህ ከቀደደ ብዙም አልቆየም፤ ከተራራው የወረደው ጉም ገና ከሩዝ ማሳዎቹ ላይ አልተነሣም ነበር። አንዷ ሳፋ ሙሉ ሩዝ በሻሽ ሸፍና በጎኗ ታቅፋለች፤ ሌላዋ ኮኮናት በገመድ አንጠልጥላለች፤ ሁሉም ቢላዋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መክተፊያቸውን በብብታቸው ሸጉጠዋል። በሱምበርዋሩ መንደር ሰደቃ ወዳለበት ቤት ሴት ተጠርታ አትሄድም። ቀኑን ታውቃለች፣ ትመጣለች፣ በቃ።

የቤቱ ልጅ ወኒንግ ከእናቷ ቀድማ ከውስጥ በሩ ላይ ደረሰች። አባቷ ከሞተ ሺህ ቀን መሙላቱን የሚያስብ ሰደቃ ነበር። አባቷ ሲሞት ሆላንድ አገር ትምህርት ላይ ስለነበረች ለቀብሩ አልደረሰችም፤ ይህን ሰደቃ ያሳመረች እንደሆነ የጎደለው ሁሉ የሚሞላ መስሏት ነበር።

«ኧረ ሊክ፣ ቢላዋውን መልሱት!» አለች እየሳቀች። «ዛሬ ማንም ጭስ ውስጥ አይገባም። ምግቡ ተዘጋጅቶ ከከተማ በመኪና ይመጣል። እናንተ እንግዶች ናችሁ፤ ቁጭ ብሎ መብላት ብቻ!»

ሊክ ጁሚናህ ከፊት ነበረች። የእናቷ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ ማሳቸው ድንበርተኛ ነው፤ ምላሷ ከቢላዋዋ ይሰላል። ወኒንግ በደም ባይገናኙም አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ «ሊክ»፣ አክስቴ፣ እያለቻት ነው ያደገችው።

ጁሚናህ ወኒንግን አየቻት። ከዚያ በትከሻዋ አሻግራ እሳት ያልነደደበትን ምድጃ አየች።

«በመኪና?»

«በመኪና!»

«ሰው ከቆየ ብዙ ያያል።» ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ሰማችሁ? እንግዶች ሆነናል። በሉ ፀጉራችሁን አስተካክሉ!»

ሳቁ። ወኒንግም አብራ ሳቀች። ያቺ ሳቅ በኋላ፣ ብቻዋን በሆነች ቁጥር፣ ጆሮዋ ላይ እየመጣች ፊቷን ታቃጥለው ነበር።

እዚያ ላይ ቢያበቃ እንኳ ደግ ነበር። እሷ ግን ቸርነት አድርጋ፣ «ሩዙንም ይዛችሁ ተመለሱ፤ ለእናንተም ያስፈልጋችኋል» አለች። ከጀርባዋ የእናቷ እጅ ቀሚሷን ይዞ ሳብ ሲያደርጋት ተሰማት። ቃሉ ግን ወጥቷል።

ሴቶቹ ዞረው በፊት ለፊት በር ገቡና ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ወኒንግ ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቻቸውን ልብ ብላ አየች፤ የሚላጥ ሽንኩርት፣ የሚፈገፈግ ኮኮናት የሌላቸው እጆች ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጠዋል። ወሬውም አልነሣ አለ። ወሬ ለካ ቢላዋ ይፈልጋል። መኪናው ሲመጣ ሣጥን ሣጥኑ ታደለ፤ ሁሉም ከፍተው አዩ፤ ሁሉም አመሰገኑ።

«ዶሮው እንዴት ለስልሷል! ጥርስም አያስፈልገው።»

«ሣጥኑስ! አጥቤ ልብስ አስቀምጥበታለሁ።»

«አይ መማር! እጃችን አረፈ።»

ዱዓው ተደረገ፤ ሰዉ ተሰነባብቶ ሄደ። ወኒንግ ደስ ብሏት ጓዳ ስትገባ እናቷ ካስያቲ ቀዝቃዛው ምድጃ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አመዱን በእንጨት ስትጭር አገኘቻት።

«እማ፣ ደከመሽ?»

«ምን ሠርቼ?»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

እናቷ አመዱን ከዚህ ወደዚያ ገፋችው። «ሳፋ ሙሉ መጥቶ ሙሉ ወደ ቤቱ አይመለስም፣ ንዱክ፣ ልጄ። የበሰለ ተደርጎበት ነው የሚመለሰው። እንደመጣ የሚመለሰው ለተጣላ ሰው ነው።»

«ለምን አልከለከልሽኝም?»

«ስትነግሪኝ ፊትሽ በርቶ ነበር» አለች እናቷ። «ደግሞ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ምናልባት ዘመኑ እንደዚያ ይሆናል ብዬ።»

ወኒንግ መልስ ፈለገች፤ አላጣችም። የእናቷ ወገብ መታመሙን፣ ሴቶቹም የራሳቸው ሥራ እንዳላቸው፣ ሰው ለሰው ሸክም መሆን እንደሌለበት። ሆላንድ ሳለች ወጥ ቤቷ ውስጥ ማንም ገብቶባት አያውቅም ነበር። መጀመሪያ አስለቀሳት፤ በኋላ ለመደችው፤ በመጨረሻ ወደደችው። ያንን የወደደችውን ነገር ነበር ለእናቷ ስጦታ ይዛላት የመጣችው። አሁን አመዱን እያየች፣ ስጦታው ምን እንደነበረ ለራሷም ግራ ገባት።

ከዚያ የተከላው ጊዜ ደረሰ። ማሳቸው ታርሶ ጭቃው ተደላድሏል፤ የመስኖው ተራ ደርሷቸው ውሃ ገብቶበታል። ችግኙ መደቡ ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ካልተነቀለ፣ ካልተተከለ ያረጃል፤ ያረጀ ችግኝ ደግሞ ቢተክሉትም አያጠግብም። ተከላ የሴቶች ወንፈል ነው። ዛሬ በእከሌ ማሳ፣ ነገ በእከሊት ማሳ እየተዟዟሩ ይተክላሉ፤ ውሃው የገባለትን ማሳ አይተው ራሳቸው ይመጣሉ። እናቷ እንደ ወትሮው ትልቁን ድስት ጥዳ ካሳቫ ቀቀለችና ማሳው ዳር አስቀመጠችው። ሽርጧን ከጉልበቷ በላይ ሸብ አድርጋ ቆመች።

ማንም አልመጣም።

ከቦዩ ማዶ ሴቶቹ በጎረቤታቸው በሱርቲ ማሳ ተደርድረው ወደ ኋላ እየሄዱ ይተክላሉ። ሳቃቸው በውሃው ላይ ይመጣል። አላኮረፉም፤ ቢያኮርፉስ ይሻል ነበር። ጁሚናህ ቀና ብላ በጨዋ ድምፅ፣ «እንደምን አደሩ? ይበርቱ!» አለች።

እናቷ የያዘችው ችግኝ ከእጇ ወደቀ። ጁሚናህና እሷ አብረው ዳክዬ የጠበቁ፣ አብረው የተዳሩ ናቸው፤ «አንቺ ቀጭን» እና «አንቺ ጥርሳም» ሲባባሉ ነው የኖሩት። ዛሬ አንቱታው ከቦዩ ማዶ እንደ ድንጋይ ተወረወረ።

እናትና ልጅ ለብቻቸው ሲተክሉ ዋሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የማሳውን አንድ ጥግ ሸፍነው ነበር። ካሳቫው ለዳክዬዎቹ ተደፋ። የችግኙ ጫፍ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

ወኒንግ ያኔ ሁለተኛውን ጥፋት ሠራች። ሴቶቹ ለዕረፍት ዛፍ ሥር ሲቀመጡ ቦዩን ተሻግራ ሄደችና ጁሚናህ ፊት ቆመች።

«ሊክ፣ ችግኙ ሊበላሽብን ነው። የቀን ሥራ እንከፍላለን። እንደ ከተማው ዋጋ።»

ጁሚናህ የሙዝ ቁራሿን አኝካ ዋጠች።

«ውይ፣ ምነው እኛን! እኛ ጭቃ የምናቦካ ሴቶች ምን እናውቃለን? ያ መኪና አለ አይደለም እንዴ፣ ዶሮ አለስልሶ የሚያመጣው። ሩዝስ መትከል ያቅተዋል? እስቲ ይጠየቅ!»

ሱርቲ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነች። ወኒንግ የተመለሰችበት የማሳ ዳር መንገድ ርቀቱ ይህን ያህል መሆኑን ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር። የሆነውን ለእናቷ ስትነግራት እናቷ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች።

«እንከፍላለን አልሻት? ለጁሚናህ?»

«እማ፣ እኔ...»

«ከወለድኩሽ ጀምሮ ካንቺ የተነሣ አፍሬ አላውቅም ነበር» አለች እናቷ ከሻሹ ሥር። ቁጣ የለበትም፤ የአየር ጠባይ የምትናገር ነበር የሚመስለው።

በማግስቱ እናቷ ወገቧ ተይዞ ከምንጣፏ መነሣት አቃታት። ቀኑ ደግሞ የጁሚናህ ልጅ የሰባት ወር እርግዝና ሰደቃ የሚደረግበት ነበር።

«መሄድ አለብሽ፣ እማ። ደግፌ እወስድሻለሁ።»

«ወገቤስ ይወሰድ ነበር» አለች እናቷ ወደ ግድግዳው ዞራ። «ፊቴን ነው እንጂ በምን ትወስጂው?»

ወኒንግ ጓዳ ገባች። የእናቷ ቢላዋ ጣሪያው ሥር ተሰክቷል፤ እጀታው በእናቷ አውራ ጣት ልክ ተበልቷል። በጨርቅ ጠቀለለችው። ሳፋ ሩዝ ሞላች፤ መክተፊያውን በብብቷ ሸጎጠች። ማንም በማይሄድበት በሸምበቆው ጀርባ ዞራ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ጁሚናህ ጓዳ በር ላይ ቆመች።

የጓዳው ወሬ ቀጥ አለ።

«ውይ! እንግዳ መጣችልን!» አለች ጁሚናህ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ምነው በዚህ በኩል? ልብስዎ በጥላሸት ይበላሻል። በፊት ለፊት፣ በፊት ለፊት! ሱርቲ፣ ወንበር!»

ሳፋዋን ተቀበሏት፤ ቢላዋውን ግን እንዳላዩ ሆኑ። ወኒንግ ሳሎን ውስጥ፣ የአካባቢው ሹም ሲመጣ ብቻ በሚወጣው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ክዳን ያለው ብርጭቆ ሻይ መጣ፤ በሰሃን ሙዝ ጥብስ መጣ። ከግድግዳው ማዶ ቢላዋዎች መክተፊያ ላይ ይንኳኳሉ፤ አንዷ ስለ ባሏ ማንኮራፋት ታወራለች፤ ጓዳው በሳቅ ይፈነዳል። በጨርቅ የተጠቀለለው ቢላዋ ጭኗ ላይ ነው። እጆቿን አየቻቸው። እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጠዋል።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። በፊት ለፊት በር ወጥቶ መሄድም ይቻል ነበር፤ ማንም አይከለክላትም፤ «ትንሽ ይቀመጡ እንጂ» ይሏታል፤ ያ ነገር በዚያው ያበቃል። እሷ ወደመጣችበት አገር ትመለስ ይሆናል። እናቷ ግን እዚሁ ናት፤ ከቦዩ ወዲህ፣ አንቱ እየተባለች።

ተነሣች። ሻዩን ሳትነካው ወደ ጓዳ ገባች፤ ጥግ ላይ ኮኮናትና መፈግፈጊያ አየችና ቁጢጥ ብላ መፈግፈግ ጀመረች። ማንም አላናገራትም። ወሬው ጠብ ጠብ ማለት ያዘ። ጭሱ ዓይኗን አስለቀሳት፤ ጥሩ ሽፋን ሆነላት፤ በደንብ አለቀሰች። ልጅ ሆና ታውቀው የነበረው ሥራ ከእጇ ጠፍቷል። ፍጥነቷን ለማሳየት ስትጣደፍ መፈግፈጊያው የጣቷን አንጓ ገሸለጠውና ነጩ ኮኮናት ላይ ደም ጠብ አለ።

«አንቺ!»

ጁሚናህ ማማሰያዋን እንደያዘች ከላይዋ ቆማ ነበር።

«አንቺ ደንቆሮ! ነፍሰ ጡሯን ልጄን የደም ወጥ ልታበይልኝ ነው? በሆላንድ ኮኮናት በምን ይፈገፈጋል፣ በአፍንጫ? ወዲያ አምጪው! ተነሺ! ድስቶቹን ውሰጂና ቦዩ ላይ እጠቢ፣ እሱ እንኳ አያቅትሽ! ደግሞ በአመድ እሺ፣ በሳሙና ብቻ ብታሽሞነሙኚው እመልስሻለሁ!»

መጀመሪያ ሱርቲ በሳቅ ፈነዳች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ወኒንግ ድስቶቹን ተሸክማ ወጣች። «አንቺ» ብላታለች። ውሃው ዳር ተቀምጣ ጥላሸቱን በአመድ ስታሽ፣ የተሰደበችውን እንደ ምርቃት ደጋግማ ለራሷ አለችው። ጁሚናህ አንዱን ድስት መለሰችባት። ሌላውንም መለሰችባት።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሱርቲ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ምግብ አስያዘቻት፤ ሳፋዋንም የበሰለ አድርጋባት በሻሹ ሸፍና ሰጠቻት። እቤት ስትገባ እናቷ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች። ቅጠሉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ የሐኪም ውጤት እንደሚከፍት ሰው ቀስ ብላ ፈታችው።

የእንግዳ ድርሻ ቢሆን ነጩ ሩዝ እንደ ተራራ ተቆልሎ፣ አናቱ ላይ ሙሉ እንቁላል ይኖረው ነበር። የዚህኛው ሩዝ ከድስቱ ግርጌ ተፍቆ የወጣ ነው፤ ገሚሱ አርሯል። ጎኑ ላይ ሁለት የዶሮ እግሮች ከነጣታቸው ተጋድመዋል።

እናቷ የዶሮ እግሮቹን በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻቸው።

«የጓዳ ድርሻ ሰጡሽ» አለች። «ለራሳቸው ሰው የሚሰጡትን።» አንዱን እግር አንስታ ለልጇ ሰጠች፤ ሌላውን ራሷ መጥጣ እስኪነጣ ድረስ ጋጠችው።

ጠዋት ወኒንግ ስትነቃ እናቷ ወገቧን በሽርጥ ጠፍራ ትልቁን ድስት ጥዳለች።

«ለማን ነው ይህ ሁሉ ካሳቫ?»

እናቷ እሳቱን ቆሰቆሰች።

ከማሳው በኩል ድምፅ መጣ። «አንቺ ቀጭን! ዛሬም ልትተኚ ነው? ችግኝሽ እኮ ሸበተ!»

ሴቶቹ ጭቃው ውስጥ ገብተዋል። ወኒንግ በሱርቲና በጁሚናህ መካከል ገብታ አጎነበሰች። ይቅርታ ልትል ቃሉን አዘጋጅታ መጥታለች፤ ሌሊቱን ስታሳምረው ነበር ያደረችው። ግን ማንም ስለ ሣጥኑ አላነሣም፤ ስለ ሩዙም፣ ስለ ክፍያውም። ቃሉን የምታስገባበት ክፍተት አልሰጧትም። ስለ ሱርቲ ባል ማንኮራፋት ነበር የሚወራው።

መስመሯ ተጣመመ። ጁሚናህ እጇን ሰደደችና የወኒንግን ችግኝ ነቅላ በቦታው ተከለችው። ቀጥሎም እንዲሁ፤ ቀጥሎም። ወኒንግ ጆሮዋ ድረስ እየቀላች፣ ቃሉን እንደዋጠች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ከሁሉም ጋር፣ እኩል።