ለአምስቱም ዜሮ

ሀጀራ በመካነ ሰላም ገበያ የሽንኩርት መደቧን ለጎረቤት ጥላ መጥታ፣ የመምህራኑን ክፍል ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች። ልጇ አሚራ አንገቷን ደፍታ ተከተለቻት።

"የኬሚስትሪው አባተ አንተ ነህ? ለልጄ ዜሮ የሰጠኸው?"

"ይቀመጡ እንጂ እትዬ።"

"መቀመጡን ተወው። ዜሮውን ንገረኝ።"

አባተ የፈተና ወረቀት መዘዘ። ጥያቄው ስሙ ያልተነገረ ፈሳሽ ነው፤ ምን ሲጨመርበት ምን እንዳሳየ ተጽፎ፣ ማንነቱን ድረሱበት ይላል።

"የአሚራ አንድ ለአምስት የጥናት ቡድን፣ አምስቱም አንድ መልስ ጽፈዋል። ምክንያት የጻፈ የለም። ተኮራርጀዋል።"

"መልሱ ልክ ነው?"

"ልክስ ልክ ነው።"

"ታዲያ ልክ ነገር ስንት ዓይነት ነው? አብራችሁ አጥኑ ብላችሁ በአምስት በአምስት የጠረነፋችኋቸው እናንተ። አብረው ሲያውቁት ሌቦች?"

አባተ አምስቱን ወረቀቶች ደግሞ አገላበጠ። ሀጀራ ግን የምትታገስበት ቀን አልነበረም። የአሚራ አባት፣ "ኬሚስትሪ ከወደቀች ጅዳ አክስቷ ዘንድ ለሥራ ትሄዳለች" ብሎ ቆርጧል፤ ቪዛው መጥቷል። ሀጀራ ጅዳን ታውቀዋለች። ወገቧ እስካሁን ቀጥ አላለም።

"ሌላ ጠይቃት። አሁን፣ ፊቴ።"

አባተ ለአሚራ ጠመኔ ሰጣት። "አራት ካርቦን፣ ስምንት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን። በመጀመሪያው ፍተሻ ብርቱካንማ ዝቃጭ ሰጠ። በብር ማዕድኑ ፍተሻ የብልቃጡ ውስጥ እንደ መስተዋት አላበራም።"

አሚራ ወደ ሰሌዳው ዞራ ጀመረች። "ዝቃጩ ኦክስጅኑ ካርቦኑን በሁለት እጁ እንደያዘ ይናገራል። ጫፍ ላይ ቢሆን ብልቃጡን መስተዋት ያደርገው ነበር። ስለዚህ መሀል ነው።" አራቱን ካርቦን በሰንሰለት ሳለች። "መሀለኞቹ ሁለት ናቸው፤ ከወዲያም ከወዲህም ብንቆጥር ያው ነው። ቡታኖን።"

ሀጀራ አንዱም አልገባትም። ልጇ የማንንም ወረቀት እንዳላየች ግን አየች።

አባተ ዜሮውን ሰረዘ። "የእርሷ ተስተካክሏል። የአራቱ ባለበት ይቆያል። ይዘዋት ይሂዱ።"

"አላህ ይስጥህ" ልትል ስትል ልጇን አየቻት። አሚራ ጠመኔውን አላስቀመጠችም።

"ደግሞ ምን ቀረሽ?"

"እማ፣ ይህን ያስረዳችኝ ሰገነት ናት፤ የቄስ ኃይለኢየሱስ ልጅ። ለሷም ዜሮ ነው።"

ሀጀራ ንዴቱ እንደገና ወጣባት፤ አሁን ግማሹ በራሷ ላይ ነበር፣ እግሯ ወደ በሩ ዞሮ ነበርና። ወንበር ሳበች።

"ቅድም ተቀመጡ ብለኸኝ አልነበር? ይኸው ተቀመጥኩ። አራቱን አስጠራቸው።"